የሕዋስ ንድፈ ሐሳብን በገዛ ዓይን መፈተሽ፦ ከቡሽ እስከ ሽንኩርት ሥር

የሕዋስ ንድፈ ሐሳብ በመማሪያ መጻሕፍት ላይ ሦስት ዓረፍተ ነገር ነው። ሕይወት ያለው ሁሉ ከአንድ ወይም ከብዙ ሕዋሳት የተሠራ ነው፤ ሕዋስ የሕያዋን መዋቅርና ተግባር መነሻ አሃድ ነው፤ ማንኛውም ሕዋስ የሚገኘው ቀድሞ ከነበረ ሕዋስ ነው። በቃል ለመያዝ ጊዜ አይፈጅም። ለመገኘት ግን ከ1665 እስከ 1855፣ ሁለት መቶ ዓመት ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ፈጅቷል (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ለምን ይህን ያህል እንደዘገየ በደንብ የሚገባው ቀደምቶቹ ያዩትን ነገር እነሱ ባዩበት ቅደም ተከተል ለሚያይ ሰው ነው። ቡሽ ላይ የሚታየው ነገር የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር እንኳ ለመናገር አያበቃም። ሦስተኛውማ በአንድ ናሙና ጨርሶ አይታይም።

ስለዚህ ከዚህ በታች ያሉትን ሥራዎች ስትሠሩ፣ ለእያንዳንዱ ናሙና ሁለት ጥያቄ ደብተራችሁ ላይ ጻፉ፦ ይህ ምን ያሳያል? ምንስ አያሳይም? በእኔ አስተያየት የሚያስተምረው ሁለተኛው ነው።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

የ4፣ የ10 እና የ40 ኦብጀክቲቭ ሌንስ ያለው ተራ የትምህርት ቤት ማይክሮስኮፕ ይበቃል፤ የዓይን ሌንሱ 10 እጥፍ የሚያጎላ ይሁን። ስላይድ፣ የስላይድ መክደኛ ስስ መስታወት፣ አዲስ ምላጭ፣ ወረንጦ፣ ማንጠብጠቢያ፣ ውኃ የሚመጥ ወረቀት፣ ሚሊሜትር ያለው ግልጽ ማስመሪያ አዘጋጁ። ከማቅለሚያ ቀለሞች የአዮዲን ውህድና ሜቲሊን ብሉ ያስፈልጋሉ፤ ለሽንኩርቱ ሥር ደግሞ ቶሉዲን ብሉ ወይም አሴቶ ኦርሲን። ከናሙና በኩል የተፈጥሮ ቡሽ፣ ቀይ ሽንኩርት፣ የኩሬ ውኃ፣ ደረቅ እርሾ፣ ስኳርና ቀጭን ጥሬ ሥጋ።

ቡሹን ስትመርጡ ተጠንቀቁ። ዛሬ ብዙ የጠርሙስ ቡሾች ፕላስቲክ ናቸው፤ ሌሎቹ ደግሞ የቡሽ ፍርፋሪ በማጣበቂያ ተጨፍልቆ የተሠሩ ናቸው። የምትፈልጉት ከአንድ ቅርፊት የተቆረጠውን ነው።

እርሳስና ወረቀትም አይቅር። በስልክ ፎቶ ማንሳት ይቻላል፣ ጥሩም ነው፤ ግን ስዕል የሚሥል ሰው እያንዳንዱን መስመር ለምን እንደሠመረ ራሱን ይጠይቃል። ፎቶ ይህን አያስገድድም።

ደረጃ 1፦ የእይታውን ክብ መለካት

ብዙ ሰው ይህን ይዘለዋል። አትዝለሉት፤ መጠኑን ያላወቃችሁትን ነገር ሕዋስ ይሁን የአየር አረፋ መለየት አትችሉም።

ማስመሪያውን በማይክሮስኮፑ መደብ ላይ አስቀምጡና በ4ቱ ሌንስ እዩት። ከክቡ ዳር እስከ ዳር ስንት ሚሊሜትር እንደሚታይ ቁጠሩ። 4.5 ሚሊሜትር ቢሆን 4500 ማይክሮሜትር ማለት ነው። ሌንሱ በጎላ ቁጥር ክቡ በዚያው ልክ ይጠባል፤ ስለዚህ በ10ሩ ሌንስ 1800፣ በ40ው ደግሞ 450 ማይክሮሜትር ይሆናል። የራሳችሁን ቁጥር አስሉና በማይክሮስኮፑ እግር ላይ ለጥፉት። ከዚያ ወዲያ ያያችሁትን ነገር ለመለካት በክቡ ወርድ ላይ ስንት እንደሚደረደር መገመት ብቻ ይበቃል።

ምስል ማጥራት ሁልጊዜ በ4ቱ ሌንስ ይጀመራል። ሌንሱን ወደ ስላይዱ ስታቀርቡ ከጎን እያያችሁ አቅርቡ፤ በዓይን ሌንሱ ውስጥ እያያችሁ የምታጠሩት ስታርቁት ነው። በ40ው ሌንስ ትንሹን ማዞሪያ ብቻ ተጠቀሙ፤ ትልቁን የነካ መስታወት ይሰብራል። ከመደቡ በታች ያለውን የብርሃን መጥበቢያ መዝጋትና መክፈትም ተለማመዱ። ቀለም ያልተነካ ሕዋስ ግልጽ ስለሆነ ብርሃን ሲበዛበት ይጠፋል፤ ጀማሪዎች «ምንም አይታየኝም» የሚሉት አብዛኛውን ጊዜ ብርሃኑ በዝቶባቸው ነው።

የአየር አረፋን ከወዲሁ እወቁት። ፍጹም ክብ ነው፤ ዳሩ ወፍራምና ጥቁር ነው፤ ውስጡ ባዶ ነው። ሆን ብላችሁ መክደኛውን በችኮላ ጣሉና ጥቂት አረፋ ፍጠሩ፣ ከዚያ በኋላ አያታልላችሁም።

ደረጃ 2፦ ቡሽ፣ 1665

ቡሹን በአንድ ፊቱ በምላጭ አስተካክላችሁ ቁረጡና ያንን ጣሉት። ከዚያ ምላጩን ወደ ራሳችሁ ሳይሆን ከራሳችሁ እያራቃችሁ፣ በተቻለ መጠን ስስ ቅራፊ አንሡ። አንድ ትልቅ ቅራፊ አትፈልጉ፤ ዳሩ እየሳሳ ሄዶ የሚያልቅ ትንሽ ስንጣሪ ይሻላል፣ ምክንያቱም የምታዩት የሳሳውን ዳር ነው። በስላይድ ላይ አንድ ጠብታ ውኃ አድርጉ፣ ቅራፊውን አስቀምጡ፣ ክደኑትና በ10ሩ ሌንስ እዩ።

የምታዩት ባዶ ክፍልፋይ ነው። ሮበርት ሁክ ለንደን ላይ በ1665 ባሳተመው «ማይክሮግራፊያ» ውስጥ የገለጸው ይህንኑ ነው። እሱ ቅራፊውን ያስቀመጠው ጥቁር ሰሌዳ ላይ ነበር፤ ብርሃኑንም በመስታወት አሰባስቦ ከላይ ነበር የሚያበራበት። እናንተም ጥቁር ወረቀት ከሥር አድርጋችሁ በትንሽ ባትሪ ከጎን አብሩበት፤ ልዩነቱ ያስገርማል።

አሁን ደግሞ ሌላ ቅራፊ ከሌላ አቅጣጫ ቁረጡ። በአንደኛው አቆራረጥ ክፍልፋዮቹ እንደ ማር እንጀራ ስድስት ማዕዘን ሆነው ይታያሉ፣ በሌላው እንደ ግንብ ድርድር። ሁክ ሁለቱንም ሥሏቸዋል። አንድ ቅርጽ በአንድ ገጽታው ብቻ እንደማይታወቅ የሚገባው እዚህ ላይ ነው።

ቀጥሎ ሁክ እንዳደረገው ቁጠሩ። እሱ በአንድ ኢንች ርዝመት 1080 ያህል ክፍልፋይ እንደሚገኝ ገምቶ፣ ቁጥሩን ሦስት ጊዜ በራሱ አባዝቶ በአንድ ኪዩቢክ ኢንች 1,259,712,000 ይሆናል አለ። አንድ ኢንች 25.4 ሚሊሜትር ስለሆነ፣ የአንዱ ወርድ ወደ 23.5 ማይክሮሜትር ይመጣል። በ450 ማይክሮሜትር ክብ ውስጥ እንግዲህ 19 ያህል መደርደር አለባቸው። እንደ አቆራረጣችሁ 12ም 30ም ብታገኙ አትደናገጡ።

ይህ ናሙና ምን አያሳይም? ቡሽ የሞተ ቅርፊት ነው። የቀረው ግድግዳው ብቻ ነው፤ በውስጡ የነበረው ሁሉ ጠፍቷል። ሁክ የአንዳንድ ለምለም ተክሎችን ክፍልፋዮች ፈሳሽ ሞልቷቸው አይቷል፤ ነገር ግን ያሳሰበው ፈሳሹ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያልፍበት መተላለፊያ ነበር። «ሕይወት ያለው ሁሉ ከዚህ የተሠራ ነው» አላለም፤ ከቡሽ ተነሥቶ እንዲህ ማለትም አይቻልም። ሁክ የሕዋስን ንድፈ ሐሳብ አገኘ የሚል ጽሑፍ ስታዩ በጥርጣሬ እለፉት።

ደረጃ 3፦ የኩሬ ውኃ፣ 1674

ውኃውን ከኩሬው መሐል ሳይሆን ከዳር፣ የበሰበሰ ቅጠል ካለበት ቅዱ፤ ከቅጠሉም ቁራጭ ጨምሩበት። ከሥሩ አንድ ጠብታ ወስዳችሁ በስላይድ ላይ አድርጉ። ሁለት ሦስት ክር ጥጥ ጣል ብታደርጉበት ፈጣኖቹ በክሮቹ መካከል ይታገዱና ለማየት ይመቻሉ። በ10ሩ ሌንስ ጀምሩ። ሥራው ሲያልቅ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ።

ሆላንድ ውስጥ ዴልፍት በምትባል ከተማ የጨርቅ ነጋዴ የነበረው አንቶኒ ቫን ሌዌንሁክ በ1674 የሐይቅ ውኃ ውስጥ እነዚህን ነዋሪዎች አየ። መሣሪያው ራሱ ያለሰለሰው አንድ ነጠላ ትንሽ ሌንስ ነበር፤ ከተረፉት አንዱ ወደ 270 እጥፍ ያጎላል። በ1676 የላከው ደብዳቤ የለንደኑን የሳይንስ ሊቃውንት ማኅበር የሮያል ሶሳይቲን አባላት ስላጠራጠረ፣ ሁክ ራሱ ሙከራውን ደግሞ በ1677 እውነት መሆኑን አሳየ።

ፓራሚሲየም (የጫማ ሶል የሚመስል ባለ አንድ ሕዋስ ዋናተኛ) ካገኛችሁ ርዝመቱን ለኩ፤ ብዙውን ጊዜ ከ100 እስከ 300 ማይክሮሜትር ነው። አሁን ከቡሹ ክፍልፋይ ጋር አወዳድሩት። አንዱ ግድግዳ ብቻ ያለው ባዶ ነገር ነው፣ ሌላው ይዋኛል፣ ይበላል፣ ይሸሻል። ሁለቱ የአንድ ዓይነት ነገር ምሳሌዎች ናቸው ብሎ የሚገምት ማን ነው? ለ150 ዓመት ያህል ማንም አላገናኛቸውም፤ በዚህም ልንፈርድባቸው አይገባም። ማገናኛው ገና አልታየም ነበር።

ደረጃ 4፦ ሽንኩርትና ጉንጭ፣ 1838 እና 1839

ይህን ደረጃ አትቸኩሉበት። ሁለቱን ናሙና በአንድ ቀን፣ በተከታታይ ሥሩ።

ሽንኩርቱን አራት ቦታ ክፈሉና አንዱን ወፍራም ሽፋን ለዩ። በውስጠኛው፣ በጎደጎደው ፊቱ ላይ በምላጭ የ5 ሚሊሜትር ያህል አራት ማዕዘን ጭረት አድርጉ። በወረንጦ አንዱን ማዕዘን ያዙና ቀስ አድርጋችሁ ላጡት፤ እንደ ስስ ላስቲክ የጠራ ነገር ይነሣል። ወፍራምና ነጭ ከሆነ ሥጋውን አብራችሁ አንሥታችኋልና ድገሙት። በውኃው ጠብታ ላይ ሳታጥፉ ዘርጉት። መክደኛውን በአንድ ጠርዙ ውኃውን አስነክታችሁ፣ አዘንብላችሁ ቀስ እያላችሁ አስተኙት።

መጀመሪያ ያለ ቀለም እዩት። ረጃጅም፣ ድንበራቸው ጥርት ያለ፣ ብዙዎቹ ከ200 እስከ 400 ማይክሮሜትር የሚረዝሙ ሕዋሳት ተደርድረዋል። ከዚያ ስላይዱን ከመደቡ ሳታነሡ በመክደኛው አንድ ወገን አንድ ጠብታ አዮዲን አድርጉ፣ በሌላው ወገን መጣጭ ወረቀት አስነኩ፤ ወረቀቱ ውኃውን ሲስብ ቀለሙ ከሥር ያልፋል። ጥቂት ደቂቃ ቆዩ። በእያንዳንዱ ሕዋስ ውስጥ፣ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ግድግዳው ጥግ የተጠጋ አንድ ቡናማ ክብ ነገር ይወጣል። ኒውክለስ ነው።

አሁን ጉንጭ። አፋችሁን በውኃ ተጉመጥመጡ። በንጹሕ የጥጥ እንጨት የራሳችሁን የጉንጭ ውስጠኛ ገጽ በቀስታ አሹትና በስላይድ ላይ ቅቡት። የሌላ ሰው ናሙና አትንኩ፤ የጥጥ እንጨቱንና ስላይዱን ሲያልቅ በረኪና ውስጥ ዘፍዝፉ። የተቀባው ትንሽ ሲደርቅ አንድ ጠብታ የቀጠነ ሜቲሊን ብሉ ጨምሩ፣ አንድ ሁለት ደቂቃ ቆዩ፣ ክደኑ፣ ትርፉን በወረቀት ምጠጡ። በ10ሩ ሌንስ ሰማያዊ ጉድፍ የሚመስሉትን ፈልጋችሁ በ40ው እዩ።

ቅርጻቸው የተዛባ፣ ዳራቸው የታጠፈ፣ ወርዳቸው ከ50 እስከ 80 ማይክሮሜትር የሆኑ ስስ ሕዋሳት ታያላችሁ። ግድግዳ የላቸውም፤ ያላቸው ስስ ሽፋን ነው፣ እሱም በዚህ ማይክሮስኮፕ እንደ መስመር እንኳ አይታይም። በመካከላቸው ግን ጠቆር ያለ ሰማያዊ ክብ ነገር አለ። በሕዋሱ ላይ የተነሰነሱ ደቃቅ ነጥቦች ካያችሁ የአፍ ባክቴሪያዎች ናቸው፤ ሌዌንሁክ ከጥርስ ላይ ጠርጎ በ1683 የጻፈላቸው።

ሁለቱን ስዕሎች ጎን ለጎን አድርጉ። የሚያመሳስላቸው ምንድን ነው? ቅርጻቸው አይደለም። መጠናቸው አይደለም። ግድግዳውም አይደለም፣ አንደኛው የለውምና። የሚያመሳስላቸው ኒውክለሱ ነው። ታሪኩም በዚሁ መንገድ ሄዷል። ስኮትላንዳዊው የዕጽዋት ሊቅ ሮበርት ብራውን ኦርኪድ ሲያጠና ይህ ክብ ነገር በየሕዋሱ እንደሚገኝ አስተውሎ በ1831 ስም ሰጠው። በዚያው ዘመን ጆሴፍ ጃክሰን ሊስተር በ1830 የገለጸው የሌንስ አቀማመጥ በምስል ዳር ይታይ የነበረውን የቀለም ቀለበትና ብዥታ ስለቀነሰ፣ ሰዎች የሚያዩትን ማመን ጀመሩ።

ማቲያስ ሽላይደን ሕግ አጥንቶ ወደ ዕጽዋት የዞረ ጀርመናዊ ነበር። በ1838 ተክል ሁሉ ከሕዋሳት እንደሚገነባ ጻፈ፤ ለኒውክለሱም ትልቅ ቦታ ሰጠው። ቴዎዶር ሽቫን ኋላ እንደተረከው፣ ሁለቱ በርሊን ላይ አብረው ማዕድ ቀርበው ሽላይደን ስለ ኒውክለስ ሲያወራለት፣ ሽቫን ያንኑ የመሰለ ነገር በእንስሳት ፅንስ የጀርባ ዘንግ ሕዋሳት ውስጥ ማየቱ ትዝ አለው። የእንስሳት ሕዋስ ድንበሩ ስለማይታይ እስከዚያ ድረስ ሥራው ዳገት ነበር። ሽቫን ብልህ ስለነበር ከከባዱ አልጀመረም፤ የእንቁራሪት እጭ የጀርባ ዘንግና ልምልም አጥንት ላይ ሠራ፤ እነዚህ የተክል ሕዋስን የሚመስሉ፣ ድንበራቸው የሚለይ ናቸውና። ከእነሱ ተነሥቶ ወደ ሌሎቹ አካላት ተሻገረ፤ በየሄደበትም ምልክቱ ኒውክለስ ነበር። በ1839 ያሳተመው ሥራ ተክልና እንስሳ በመሠረታቸው አንድ እንደሆኑ ተናገረ።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓረፍተ ነገሮች በዚህ ቆሙ። ሦስተኛውን ግን ሁለቱም ስተዋል፤ ብዙ የመማሪያ መጽሐፍ ይህን አይነግራችሁም። ሽላይደን አዲስ ሕዋስ ቅርጽ ከሌለው ፈሳሽ ውስጥ፣ በኒውክለስ ዙሪያ፣ ክሪስታል እንደሚጠነክር ያለ ሂደት የሚፈጠር መስሎት ነበር። ሽቫንም ተቀበለው። ስላይዳችሁን መልሳችሁ እዩት፦ ይህን ግምት የሚያፈርስ አንዳች ነገር ይታያል? አይታይም። ሕዋሳቱ ተደርድረው ቆመዋል እንጂ ከየት እንደመጡ አይናገሩም።

ደረጃ 5፦ እርሾ

ከ30 እስከ 35 ዲግሪ በሚሞቅ ግማሽ ብርጭቆ ውኃ ውስጥ አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ቁንጥር ደረቅ እርሾ በጥብጡ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ጠብታ ወስዳችሁ በውኃ አቅጥኑት፤ ካልቀጠነ ክቡ በሕዋሳት ይሞላና አንዱን ከሌላው መለየት ያቅታል። በ40ው ሌንስ እዩ። ሕዋሳቱ ከ5 እስከ 10 ማይክሮሜትር የሆኑ ዕንቁላል መሰል ናቸው።

ትንሽ እብጠት ያወጣ አንድ ሕዋስ ምረጡ። የመክደኛውን ዳር በስሱ ቫዝሊን ቀቡ፣ ውኃው እንዳይደርቅ። ስላይዱን ሳታንቀሳቅሱ በየ15 ደቂቃው ያንኑ ሕዋስ ሣሉት፤ በመካከሉ መብራቱን አጥፉ፣ ሙቀቱ እንዳይጎዳው። በሁለት ሰዓት ውስጥ እብጠቱ ሲያድግ ማየት አለባችሁ። ካላደገ ክፍሉ ቀዝቅዟል ወይም እርሾው አርጅቷል።

ሽቫን በ1837 እርሾ ሕያው ነገር መሆኑን፣ ስኳርን ወደ አልኮል የሚለውጠውም እሱ መሆኑን ካሳዩት አንዱ ነው፤ ፈረንሳዊው ካኛር ዴ ላ ቱር በዚያው ዓመት ገደማ እዚያው ደርሷል። እንግዲህ ሽቫን ሕዋስ ከሕዋስ ሲወጣ በዓይኑ አይቷል። ያም ሆኖ የሽላይደንን ፈሳሽ አልተወም። «አንዳንዴ እንዲህ ይሆናል» እና «ሁልጊዜ እንዲህ ብቻ ይሆናል» የተለያዩ ናቸው፤ እርሾው የሚያሳየው የመጀመሪያውን ነው።

ደረጃ 6፦ የሽንኩርት ሥር ጫፍ፣ ከ1852 እስከ 1882

ይህ ሥራ አሲድ ስላለበት በቤተ ሙከራ፣ በመነጽርና በጓንት ይሠራ። ልጆች ብቻቸውን አይሥሩት።

ሽንኩርት በብርጭቆ አፍ ላይ አስቀምጡ፤ ታቹ ብቻ ውኃ ይንካ። በጥቂት ቀናት ሥሩ ሁለት ሦስት ሴንቲሜትር ይደርሳል። የመጨረሻውን አንድ ሴንቲሜትር ቁረጡ። ሦስት እጅ አልኮልና አንድ እጅ አሴቲክ አሲድ በተቀላቀለበት ለ10 ደቂቃ አቆዩት፤ ይህ ሕዋሳቱን ባሉበት ሁኔታ ያስቆማቸዋል። በውኃ አጥባችሁ፣ 1 ሞላር ሃይድሮክሎሪክ አሲድ በ60 ዲግሪ አሙቃችሁ ለ5 ደቂቃ ንከሩት። አሲዱ ሕዋሳቱን ያያያዘውን ሙጫ ያላላል። እንደገና ዕጠቡ። አሁን ሥሩ ልምሾ ስለሚሆን በወረንጦ በጥንቃቄ ያዙት።

ከጫፉ ሁለት ሚሊሜትር ብቻ በስላይድ ላይ አስቀሩ፤ የቀረውን ጣሉ። የሚከፋፈሉት ሕዋሳት ያሉት እዚያ ነው፣ ከዚያ በላይ ያሉት የሚረዝሙ እንጂ የሚከፈሉ አይደሉም። ቶሉዲን ብሉ ጨምሩ፣ ሁለት ደቂቃ ጠብቁ፣ በመርፌ በታትኑት፣ ክደኑት። በላዩ የታጠፈ መጣጭ ወረቀት አድርጋችሁ በአውራ ጣት ቀጥ አድርጋችሁ ወደ ታች ተጫኑ። ጣት ወደ ጎን ከተንሸራተተ ሕዋሳቱ ይጠቀለላሉ፤ ብዙ ሰው ናሙናው የሚበላሽበት እዚህ ነው።

በ40ው ሌንስ ትንንሽና አራት ማዕዘን መሰል ሕዋሳት ያሉበትን ቦታ ፈልጉ። አብዛኞቹ ክብ ኒውክለስ አላቸው። በጥቂቶቹ ግን ኒውክለሱ የለም፤ በቦታው የተጠላለፈ ክር፣ ወይም በመሐል የተሰለፈ ዘንግ፣ ወይም በሁለት ወገን የተሳቡ ሁለት ጭፍራዎች፣ ወይም በመካከላቸው አዲስ ግድግዳ የጀመረባቸው ሁለት ትንንሽ ኒውክለሶች አሉ። ዘንጎቹ ክሮሞሶሞች፣ ማለት የዘር መረጃ ተሸካሚዎች ናቸው፤ የሽንኩርት 16 ነው፣ ግን በደንብ የተዘረጋ ሕዋስ ካልገጠማችሁ በስተቀር ቆጥራችሁ አትጨርሱትም።

ጥያቄው እዚህ ይከብዳል። ሕዋሳቱ ሞተዋል፤ የምታዩት የቆመ ምስል ነው። የትኛው ከየትኛው እንደሚቀድም በምን ታውቃላችሁ? ያያችኋቸውን አንድ በአንድ ሥላችሁ በየቁራጭ ወረቀት ላይ አድርጉና በቅደም ተከተል ደርድሩ። አንድ ሌላ ሰውም ሳያይ ይደርድር። ከተለያያችሁ ለምን እንደሆነ ተከራከሩ። ቫልተር ፍሌሚንግ የሳላማንደር (እንሽላሊት የሚመስል የእንቁራሪት ዘመድ) እጭ ሕዋሳትን በአዳዲስ ማቅለሚያዎች አቅልሞ ሲሠራ የገጠመው ይኸው ችግር ነው፤ እሱ ሕያው የእጭ ሕዋሳትንም ስለተከታተለ የቆሙትን ምስሎች በእነሱ ማመሳከር ቻለ። «ማይቶሲስ» ብሎ የጠራውን ይህን የመከፈል ሂደት ጠቅልሎ በ1882 አሳተመ።

ሐሳቡ ራሱ ከዚያ ይቀድማል። ሮበርት ሬማክ የጫጩት ፅንስ ደምና የእንቁራሪት ዕንቁላል ላይ ለዓመታት ሠርቶ፣ በ1852 ሕዋስ የሚባዛው በመከፈል ብቻ እንደሆነ ጻፈ። ሩዶልፍ ፊርኾ በ1855 ያንኑ ሐሳብ በላቲን አጭር ቃል «ኦምኒስ ሴሉላ ኤ ሴሉላ» ብሎ አስተጋባው፤ ሕዋስ ሁሉ ከሕዋስ ማለት ነው። አባባሉን ፈረንሳዊው ራስፓይ በ1825 ተጠቅሞበታል። በ1858 ፊርኾ በሽታም የሕዋስ መታወክ ነው የሚለውን ትምህርቱን በመጽሐፍ ሲያወጣ ስሙ ገነነ። ሬማክ አይሁዳዊ ነበር፤ ሃይማኖቱን ለመለወጥ ባለመፍቀዱ በፕሩሲያ ሙሉ ፕሮፌሰር ሳይሆን በ1865 ሞተ። ሦስተኛውን ዓረፍተ ነገር በፊርኾ ስም ብቻ የሚያስተምር ሰው ሥራውን የሠራውን ሰው ትቶታል።

ጊዜ ካላችሁ 200 ሕዋስ ቁጠሩና ስንቱ በመከፈል ላይ እንደነበር መዝግቡ። ከ200ው 20 ቢሆኑ፣ አንድ ሕዋስ ከዕድሜው አሥር በመቶ ያህሉን በመከፈል ያሳልፋል ብሎ መገመት ይቻላል። የቆመ ምስል ሰዓት የሚሆነው እንዲህ ነው።

ደረጃ 7፦ የተጠመዘዘው ቱቦ

የሚቀረው አንድ ቀዳዳ ነው፦ ደቃቃን ነዋሪዎች ከሾርባ ውስጥ በራሳቸው ይፈጠሩ ይሆን? ሁለት ጠርሙስ ውስጥ የተጣራ ሾርባ አድርጉ። የአንዱን ክዳን በአጭር ቀጥ ያለ ቱቦ፣ የሌላውን በኤስ ቅርጽ በተጠመዘዘ ረጅም ቱቦ ብሱ። ሁለቱንም በፕሬዠር ኩከር 20 ደቂቃ ቀቅላችሁ፣ እዚያው በዝግታ አቀዝቅዙና ሳትነኳቸው አኑሩ። ቀጥ ያለው ይደፈርሳል፤ የተጠመዘዘው ጠርቶ ይቆያል፣ አየር ቢገባም አቧራው ጠመዝማዛው ላይ ይቀራልና። የደፈረሰውን አትክፈቱ፣ አታሽቱ፤ መልሳችሁ በፕሬዠር ኩከር ቀቅላችሁ ድፉት።

ሉዊ ፓስተር ይህን አሳይቶ በ1862 የፈረንሳይ ሳይንስ አካዳሚን ሽልማት ወሰደ። ተራ መፍላት ለምን እንዳልመረጥኩ ግን ልንገራችሁ። ተቃዋሚው ፑሼ የድርቆሽ ውኃ ሲያፈላ ሕይወት ይወጣለት ነበር፤ ውሸታም ስለነበር አይደለም። ድርቆሽ ላይ ያሉ አንዳንድ ባክቴሪያዎች መፍላትን የሚቋቋም ስፖር (ጠንካራ ሽፋን ያለው የእንቅልፍ ቅርጽ) እንዳላቸው ፈርዲናንድ ኮን ያሳየው በ1870ዎቹ ነው። ፓስተር ድርቆሽ ቢመርጥ ኖሮ ክርክሩ እንዲያ በቶሎ ባልተቋጨ።

ደረጃ 8፦ የማይመቸው ናሙና

ከጥሬ ሥጋ ክር የምታክል ቁራጭ አንሥታችሁ፣ 0.9 በመቶ ጨው ባለው የውኃ ጠብታ ውስጥ በሁለት መርፌ በርዝመቷ ሰንጥቁ፣ እስከሚቻል ድረስ አሳሷት። ሜቲሊን ብሉ ጨምሩ፣ ክደኑ፣ በ40ው ሌንስ እዩ። በአግድም የተሸነተሩ ረጃጅም ክሮች ታያላችሁ። በአንዱ ክር ዳር ላይ ኒውክለሶቹን ፈልጉ። አንድ አይደሉም።

ሽቫን ይህን ያውቅ ነበር፤ ክሩ ብዙ ሕዋሳት ተዋሕደው የሆኑት ነው ብሎ አስረዳ፣ ልክም ነበር። ያም ሆኖ «አንድ ሕዋስ» የሚለውን ነገር የት እንደምናቆም እዚህ ላይ መወሰን ያዳግታል። የበሰለ የሰው ቀይ የደም ሕዋስ ደግሞ በተቃራኒው ኒውክለስ የለውም። የነርቭ ጉዳይ ከዚህም ተንዛዝቷል፦ ካሚሎ ጎልጂ አንድ የተያያዘ መረብ ነው ሲል፣ ራሞን ኢ ካሃል በጎልጂ ራሱ የማቅለሚያ ዘዴ ተጠቅሞ ነጠላ ሕዋሳት ናቸው አለ፤ በ1906 የኖቤል ሽልማቱን ተካፍለው እንኳ ጎልጂ በንግግሩ ከአቋሙ አልተነቃነቀም። የተለዩ መሆናቸው በማያሻማ ሁኔታ የታየው ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ከመጣ በኋላ ነው። ቫይረስም ሕዋስ አይደለም፣ ያለ ሕዋስም አይባዛም፤ ሕያው ነው አይደለም የሚለው ገና ያከራክራል።

የሥጋውን ስላይድ በበረኪና ከመዘፍዘፋችሁ በፊት አንድ ጥርት ያለ ክር ምረጡ፣ በክቡ ወርድ ውስጥ የሚታዩትን ኒውክለሶች ቁጠሩ፣ በመጀመሪያው ደረጃ ባገኛችሁት ስፋት አካፍላችሁ በአንድ ሚሊሜትር ስንት እንደሚደርሱ ጻፉ። ከጎኑም የሽንኩርቱንና የጉንጩን ቁጥር አስቀምጡ፦ በአንድ ሕዋስ አንድ።